ዘንባባን በድሮዎቹ የዕፅዋት ሠዓሊዎች ስልት መሣል

እ.ኤ.አ. በ1853 እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አልፍሬድ ራስል ዋላስ ስለ አማዞን ዘንባባዎች ያዘጋጀው መጽሐፍ ለንደን ላይ ታተመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። 48 ሥዕሎች ነበሩት። ዋላስ በእርሳስ የነደፋቸውን ወደ ማተሚያ ድንጋይ ያሸጋገረው በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው የዕፅዋት ሠዓሊ ዋልተር ሁድ ፊች ነው። ያን ጊዜ እዚያው አማዞን ውስጥ ዕፅዋት ያጠና የነበረው ሪቻርድ ስፕሩስ ግን መጽሐፉን አይቶ አልተደሰተም። የትልልቆቹ ዛፎች ግንድ ከዝንጣፊያቸው ርዝመት ጋር ሲተያይ ከልክ በላይ ወፍሯል፤ በዝንጣፊዎቹ ላይ ያሉት ንዑሳን ቅጠሎችም በቁጥር መሆን ከሚገባቸው በግማሽ ያንሳሉ ሲል ነቀፈ።

ዛሬም ዘንባባ የሚሥል ሰው መጀመሪያ የሚስተው እነዚህኑ ሁለት ነገሮች ነው። ያን የሚያህል አናት በዚያ በቀጠነ ግንድ ላይ መቆሙን ዓይን ማመን ስለሚከብደው ግንዱን ሳያውቀው ያወፍረዋል። እጅ ደግሞ ሁለት መቶ ቅጠል መሥራት ይታክተውና ሃምሳ ሲደርስ ያቆማል። መድኃኒቱ ሜትርና ቆጠራ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ከግማሽ የሚበልጠው ብሩሽ ከመነከሩ በፊት የሚሠራ ነው። ያን ክፍል የዘለለ ሰው የሚያገኘው ለግድግዳ ጌጥ የሚሆን ሥዕል እንጂ ዛፉን ለይቶ የሚያሳውቅ ሥዕል አይደለም።

አርአያና ሞዴል

ከሞቃታማው ዓለም የዘንባባ ሥዕሎች ሁሉ ተደጋግሞ መታየት ያለበት የጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ የካርል ፍሪድሪኽ ፊሊፕ ፎን ማርቲዩስ ሥራ ነው። ማርቲዩስ ከ1817 እስከ 1820 ብራዚልን ዞሮ ሙኒክ ከተመለሰ በኋላ፣ ከ1823 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ግድም በክፍል በክፍል እያወጣ ባለ ሦስት ቅጽ የዘንባባ መጽሐፍ አሳትሟል። ሥዕሎቹን ስታዩ አንዱ ዛፍ በሦስት ርቀት መቅረቡን ልብ በሉ። ከሩቅ፣ ሙሉ ዛፉ በበቀለበት ምድር ላይ ቆሞ ይታያል። ከክንድ ርቀት፣ የቅጠልና የፍሬ ቁራጭ ይታያል። በአጉሊ መነጽር ደግሞ የተሰነጠቀ አበባና ዘር። 20 ሜትር የሚረዝም ዛፍ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሆነ አበባ ሲኖረው፣ ሁለቱን በአንድ ልኬት አንድ ወረቀት ላይ ማዋል አይቻልም። የሦስቱ ርቀት ዘዴ የመጣው ከዚህ ችግር ነው፤ እኛም የምንከተለው እሱኑ ነው።

ሁለተኛው አርአያ ከ1678 እስከ 1693 አምስተርዳም ላይ በ12 ቅጽ የታተመው የሄንድሪክ ፋን ሬዴ የማላባር ዕፅዋት መጽሐፍ ነው። ማላባር፣ ማለትም ደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ የኮኮናት አገር ነውና የመጀመሪያው ቅጽ የሚከፈተው በኮኮናት ዛፍ ነው። በአብዛኞቹ ሥዕሎች ላይ የተክሉ ስም በላቲን፣ በማላያላም፣ በዐረብኛና በናጋሪ ፊደል ተቀርጿል። የአገሬው ስም በአገሬው ፊደል ሥዕሉ ላይ መስፈሩ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ በኋላ ስለ ጽሑፍ ስንነጋገር እንመለስበታለን። እነዚህን መጻሕፍት ባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ በተባለው ድረ ገጽ በነፃ ማየትና ማውረድ ይቻላል። በስልክ ሳይሆን በኮምፒውተር፣ አጉልታችሁ እዩ።

ለሞዴልነት በኢትዮጵያ በቀላሉ የሚገኘው ሳይንሳዊ ስሙ ፊኒክስ ሬክሊናታ የሆነው ዘንባባ ነው። ለሆሳዕና ቀለበት የሚታሰርበት፣ ሰሌን የሚሠራበት፣ ወንዝ ዳርና ግቢ ውስጥ ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ሆኖ እየዘመመ የሚያድገው ማለት ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በእስራኤል ያላችሁ ደግሞ ዘመዱ የተምር ዛፍ በየመንገዱ ዳር አለላችሁ፤ ከጥቂት ልዩነት በቀር ሥራው አንድ ነው። ማራገቢያ መሳይ ቅጠል ያላቸውን መሣል የሚፈልግ በጋምቤላ በኩል የሚገኘውን ቦራሰስ ኤትዮፕየምን ይምረጥ። "ኤትዮፕየም" የሚለውን ስም ያወጣለት ራሱ ማርቲዩስ ነው።

ወረቀትና መሣሪያ

በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን፣ ሙሉ በሙሉ ከጥጥ የተሠራ፣ ፊቱ ለስላሳ የሆነ የውሃ ቀለም ወረቀት ያስፈልጋል። ፊቱ ሻካራ ከሆነ ግማሽ ሚሊሜትር መስመር ይሰበራል። ለመጀመሪያ ሥራ 38 በ56 ሳንቲሜትር ይበቃል። እርሳስ ኤችቢ፣ ኤችና 2 ኤች፤ ሾል ያለ ጫፍ ያላቸው የውሃ ቀለም ብሩሾች ቁጥር 1፣ 3 እና 6፤ አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር፤ አዲስ ምላጭ፤ የብረት ማስመሪያ፤ አምስት ሜትር የሚዘረጋ ሜትር፤ ባለ ሁለት እግር መለኪያ ኮምፓስ።

ብራና ላይ መሥራት የሚፈልግ አይከለከልም። የፈረንሳይ ነገሥታት የዕፅዋት ሥዕል ስብስብ የተሠራው በብራና ላይ ነው፤ ብራና የሚፍቅ ባለሙያ ደግሞ እኛ ዘንድ ዛሬም አለ። ነገር ግን ብራና ውሃ አይመጥም። ቀለም ተለቅልቆ ከተደፋበት ይኮማተራል፣ ሥሩ ያለውንም ቀለም ያነሣል። ስለዚህ ከሞላ ጎደል በደረቀ ብሩሽ፣ በጥቃቅን ጭረት ብቻ ይሠራበታል። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ልመዱ።

ዛፉን መለካት

በየ50 ሳንቲሜትሩ ቀይና ነጭ የተቀባ ባለ 2 ሜትር ዘንግ አዘጋጁና ግንዱ ሥር አቁሙት። የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ራቁ፤ 8 ሜትር ዛፍ ከሆነ 20 ሜትር ማለት ነው። ክንዳችሁን ሳታጥፉ እርሳስ ወደ ፊት ያዙና የዘንጉን ቁመት በእርሳሱ ላይ በአውራ ጣት ለኩ፤ ያ ልኬት ከግንዱ ሥር እስከ አናቱ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ቁጠሩ። አራት ጊዜ ከገባ ዛፉ 8 ሜትር ነው። ቀርባችሁ ከለካችሁ ወይም ስልክ ቀና አድርጋችሁ ፎቶ ካነሣችሁ አናቱ ያንሳል፣ ግንዱ ከታች ይሰፋል። ግንዱ ሥሩ ሰፍቶ እንደ ጽድ ወደ ላይ እየሾለ የተሣለ ዘንባባ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ዘንባባ እንደ ዋንዛ ወይም እንደ ወይራ ዓመት በዓመት ውፍረት አይጨምርም። መጀመሪያ መሬት ላይ ውፍረቱን ይይዝና ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ግንዱ ከታች እስከ ላይ ያው ነው ማለት ይቻላል። ቦራሰስ ግን ከመካከለኛ ቁመቱ በላይ ያብጣል። እሱን በሦስት ከፍታ ላይ ለኩት፤ እብጠቱን በግምት ያስቀመጠ ሰው ሌላ ዛፍ ሥሏል።

የግንዱን ዙሪያ በሜትር ከያዛችሁ በኋላ ለ3.14 አካፍሉ። 47 ሳንቲሜትር ዙሪያ 15 ሳንቲሜትር ውፍረት ይሰጣል። በግንዱ ላይ የደረቁ የቅጠል ግርጌዎች ካሉ ከነሱ ጋርም ያለነሱም ለኩና ሁለቱንም ጻፉ።

በመቀጠል የቅጠል ጠባሳዎቹን እዩ። ግንዱን ዙረው በጠመዝማዛ ይወጣሉ። አንዱን መስመር በጣት እየተከተላችሁ ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ እንደሚወጣ፣ በአንድ ሜትር ግንድ ውስጥ ስንት ጠባሳ እንዳለ መዝግቡ። ይህ መረጃ የግንዱን ቆዳ በምናሳይበት ጊዜ ያድነናል። አለዚያ ሁሉም ሰው የሚሠራውን የአናናስ መረብ እንሠራለን።

ዝንጣፊውን ማውረድና መቁጠር

ባለቤቱን አስፈቅዱና ከአናቱ መሀል አንድ የጎለመሰ ቅጠል አስቆርጡ፤ ለጋውንም ያረጀውንም አትውሰዱ። ከመንካታችሁ በፊት ወፍራም የቆዳ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ። በፊኒክስ ወገን ዘንባባዎች ሁሉ፣ ተምርን ጨምሮ፣ ከቅጠሉ እጀታ በላይ ያሉት የታችኞቹ ንዑሳን ቅጠሎች ወደ እሾህነት ተለውጠዋል። እሾሁ ረጅምና ጠንካራ ነው፤ ጣት መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ ከተሰበረ ለሳምንታት የሚያሳብጥ ሕመም ያመጣልና በዚያ ጊዜ ሐኪም ጋ መሄድ ይገባል። እሾሁን ለመከላከል ብላችሁ ቀድማችሁ አትመልምሉት፤ መጀመሪያ ይቆጠራል፣ ይለካል።

የቅጠሉን ክፍሎች በአንድ ስም እንጥራቸው። ግንዱን ያቀፈው ቃጫማ ግርጌ ሰገባ ነው፤ ባዶው ክፍል እጀታ፤ ቅጠል የተሸከመው ረጅሙ ዘንግ አከርካሪ፤ ግራና ቀኝ የተሰደሩት ጠባቦቹ ንዑሳን ቅጠሎች። ዝንጣፊውን መሬት ላይ በረጅሙ ዘርጉና እጀታውን፣ አከርካሪውን፣ በእያንዳንዱ ወገን ያሉትን እሾሆችና ንዑሳን ቅጠሎች፣ የረጅሙን ንዑስ ቅጠል ርዝመትና ስፋት መዝግቡ። ቆጠራው እንዳይጠፋችሁ በየአሥሩ የክር ምልክት እሰሩ። በፊኒክስ ሬክሊናታ ከታች ያሉት ንዑሳን ቅጠሎች ጥቂት ጥቂት ሆነው ተቧድነው ወደተለያየ አቅጣጫ ይወጣሉ፤ ወደ ጫፉ ግን በአንድ ገጽ በሥርዓት ይሰደራሉ። ሁሉን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አስተካክሎ የሠራ ሰው የዛፉን መለያ አጠፋ ማለት ነው።

አሁን አንዱን ንዑስ ቅጠል አከርካሪው ላይ በተተከለበት ቦታ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። እዚያ ጋ ቅጠሉ በቁመቱ ታጥፏል። እጥፋቱ ወደ ላይ እንደ ቦይ ተከፍቷል ወይስ እንደ ጣራ ወደ ታች ተደፍቷል? የሚያጠራጥር ከሆነ ውሃ አንጠባጥቡበት። ቦይ ከሆነ ውሃውን ይይዛል፤ ጣራ ከሆነ በሁለት ጎን ይወርዳል። ፊኒክስ ቦይ ነው። ኮኮናትና ላባ መሳይ ቅጠል ያላቸው አብዛኞቹ ሌሎች ዘንባባዎች ጣራ ናቸው። ይህ ልዩነት ለዕፅዋት ባለሙያ ትልቅ ምስክር ስለሆነ በሥዕሉ ላይ ለብቻው፣ ንዑስ ቅጠሉ ግርጌው ላይ በምላጭ ተቆርጦ ከጫፍ ሲታይ ያለውን ቅርጽ አድርጋችሁ ታስገቡታላችሁ። የጣት ጥፍር የምታህል ሥዕል ናት፤ ግን ካልኖረች ሥዕሉ ጎዶሎ ነው።

የተቆረጠ ቅጠል በሰዓታት ውስጥ መጠቅለል ይጀምራል። ስለዚህ ጠዋት አስቆርጡ፣ በረጠበ አንሶላ ሸፍኑ፣ በጥላ አኑሩ። ሙሉውን ማቆየት ስለማይቻል ለካችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ሦስት ቁራጭ ብቻ አስቀሩ፦ ከግርጌው እሾሁና የመጀመሪያዎቹ ንዑሳን ቅጠሎች ያሉበትን፣ ከመሀሉ 20 ሳንቲሜትር ያህል፣ ከጫፉም እንዲሁ። ዕፅዋት የሚያደርቁ ሰብሳቢዎችም ዘንባባን የሚያስቀምጡት በዚህ መንገድ ነው። ቀለሙን ግን ያኔውኑ ያዙ። አንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ የላይኛውን ገጽ፣ የታችኛውን ገጽ፣ የአከርካሪውንና የእሾሁን ቀለም ቀላቅላችሁ አኑሩና ከየትኛው ቀለም ስንት እጅ እንዳደረጋችሁ አጠገቡ ጻፉ። ከሰዓት በኋላ ያው ቅጠል ያው ቀለም አይሆንም።

ልኬቱን ወደ ወረቀት ማውረድ

እንበል ዛፉ 8 ሜትር፣ ግንዱ 15 ሳንቲሜትር፣ ቅጠሉ 2 ሜትር ተኩል፣ ከዚህ ውስጥ እጀታው 50 ሳንቲሜትር፣ በአንድ ወገን 100 ንዑሳን ቅጠሎች ያሉት ነው። ሙሉ ዛፉን በአንድ አርባኛ ብትሠሩት ቁመቱ 20 ሳንቲሜትር ይሆናል። ቅጠሉ 6 ሳንቲሜትር ከሩብ። ግንዱ 3.75 ሚሊሜትር።

እዚህ ላይ ቁሙ። አራት ሚሊሜትር የማይሞላ ግንድ፣ ከላዩ በሁለቱ ወገን ስድስት ስድስት ሳንቲሜትር የሚዘረጋ አናት። ሁለት ትይዩ መስመሮች በዚህ ልክ አስምሩና እዩት፤ "ይህማ አይሆንም" ያሰኛል። ስፕሩስ የነቀፈው ስሕተት የሚወለደው እዚህችው ላይ ነው፤ እጅ መስመሮቹን ወደ 7 እና 8 ሚሊሜትር ይገፋቸዋል። አትንኩት። አናቱ ሲሠራ ግንዱ ራሱ ትክክል ሆኖ ይታያል። አጠገቡ ሰው ማቆም ከፈለጋችሁ፣ ብዙ የድሮ ሥዕሎች እንደሚያደርጉት፣ 1.70 ሜትር ሰው በዚህ ልኬት 4 ሳንቲሜትር ከሩብ ነው።

ወረቀቱን በቁሙ አድርጉና ከየጠርዙ 3 ሳንቲሜትር ልቀቁ። ሙሉ ዛፉ በላይ በግራ በኩል ይውላል። የመሀሉ ቅጠል ቁራጭ በቁመቱ ልክ፣ ማለትም ሳያንስ ሳይበልጥ፣ በሰያፍ ከቀኝ ይመጣል። ግን ንዑስ ቅጠሉ 35 ሳንቲሜትር ከሆነ ግራና ቀኙ 70 ሊደርስ ነውና አይገባም። የድሮዎቹ መልስ ግልጽ ነው፤ በአንድ ወገን ያሉትን ንዑሳን ቅጠሎች ከአከርካሪው 4 ሳንቲሜትር ላይ በቀጥታ መስመር መቁረጥና መቆረጣቸውን ማሳየት። ይህ ቦታ ከማትረፉም በላይ ቅጠሉ አከርካሪው ላይ እንዴት እንደተተከለ ይገልጣል። በሌላው ወገን ሁለት ወይም ሦስቱን ብቻ ሙሉ አድርጉ፤ ከወረቀቱ ከወጡ ጫፋቸውን አጥፋችሁ መልሷቸው። ከታች ያለው አንድ አራተኛ ለአበባ፣ ለፍሬና ለዘር ይቀመጣል።

የእርሳሱ ሥራ

አናቱን የሚጀምሩት ከመሀል ነው። ገና ያልተፈታው ለጋ ቅጠል ቀጥ ብሎ እንደ ጦር ይቆማል። ከሱ ቀጥሎ ያሉት በትንሹ ያዘነብላሉ፤ የጎለመሱት ይቀስታሉ፤ ያረጁት ይወርዳሉ፤ የደረቁትም ግንዱ ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። የደረቁትን ለማሳመር ብላችሁ አትተዉ፤ ዛፉ በዱር ሲቆም የሚታወቀው በነሱ ጭምር ነው።

መጀመሪያ የአከርካሪዎቹን ቅስት ብቻ በኤች እርሳስ ጣሉ፤ ለያንዳንዱ አንድ መስመር። ሁሉም ከአንድ ነጥብ እንደ ርችት አይፈነጠሩም። ሰገባዎቹ ተራ በተራ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ግንዱን ዙረው ነው የሚወጡት፤ ስለዚህ የታችኞቹ ቅስቶች መነሻ ከላይኞቹ ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ይላል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ቅጠል የንዑሳን ቅጠሎቹ ጫፍ የሚደርስበትን ወሰን በቀላሉ ክበቡት። ከዚያ ወደ ተመልካቹ ከቀረበው ቅጠል ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ከኋላ የጀመረ ሰው ሲያጠፋና ሲደግም ወረቀቱን ያደክመዋል።

በዚህ ልኬት 100 ንዑሳን ቅጠሎች 5 ሳንቲሜትር ላይ ይሰፍራሉ፤ በየግማሽ ሚሊሜትሩ አንድ ማለት ነው። ይቻላል፤ 2 ኤች እርሳስ በየአምስት ስድስት መስመሩ መሾል አለበት። ግን ሁሉንም ቅጠሎች እንዲህ መሥራት አያስፈልግም። ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን የተዘረጉትን ሁለት ቅጠሎች ቆጥራችሁ ጨርሱ፤ ወደ እናንተ ወይም ወደ ኋላ የዞሩትን በጥላ ስጧቸው። ቁጥሩን በሁሉም ላይ በግማሽ ከመቀነስ በሁለቱ ላይ በትክክል ማሳየት ይሻላል።

ንድፉን በሚያሳልፍ ወረቀት ወደ ጥሩው ወረቀት ስታሸጋግሩ ሥዕሉ እንዳይገለበጥ ተጠንቀቁ። በመዳብም ሆነ ዋላስና ማርቲዩስ በተጠቀሙበት የድንጋይ ኅትመት ሥዕሉ ሲታተም ግራው ቀኝ ይሆናል። ስለዚህ ሠራተኛው ገልብጦ ካልሣለ የጠባሳው ጥምዝ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ከድሮ ሥዕል ላይ የጥምዙን አቅጣጫ ለመቅዳት የማይመከረውም ለዚህ ነው። በራሳችሁ ሥራ ላይ መከላከያው ቀላል ነው፤ የሚያሳልፈው ወረቀት ጥግ ላይ "ና" ብላችሁ ጻፉ። "በ" አትጻፉ፤ ተገልብጦም ያው ነውና አይናገርም።

አበባ፣ ፍሬና ዘር

ፊኒክስ ወንዴና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው። ሁለቱን በአንድ ዘለላ ላይ አንድ ላይ መሣል ከባድ ስሕተት ነው፤ ሁለት ዛፍ ፈልጉና ሥዕሉ ላይ ከሁለት ዛፍ መሆናቸውን ጻፉ። ከዘለላው አንዷን ክር መሳይ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ወስዳችሁ ቀለሟን መዝግቡና 70 በመቶ አልኮል ውስጥ አኑሯት። አልኮል ቅርጹን ይጠብቃል፣ ቀለሙን ግን ያጠፋል፤ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ።

ወንዴውን አበባ በአዲስ ምላጭ ከላይ ወደ ታች ለሁለት ሰንጥቁና በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ። ከውጭ ሦስት ቅጠሎች ተጋጥመው አጭር ጽዋ ሠርተዋል፤ ከውስጥ ሦስት ረዘም ያሉ ቅጠሎች፤ መሀሉ ላይ ብናኝ የተሸከሙ ስድስት ክሮች። በፊኒክስ ሬክሊናታ የውስጠኞቹ ጫፍ ይሾላል፤ በተምር ዛፍ ግን ይደንዛል። ሁለቱን ከሚለዩት ምልክቶች አንዱ ይህ ስለሆነ ጫፉን አታድበስብሱ። ሴቴው አበባ ክብ ነው፤ ውስጡ ሦስት የፍሬ ክፍሎች ቢኖሩም ብዙ ጊዜ የሚያድገው አንዱ ብቻ ነው። ፍሬውን ግማሹን ሙሉ፣ ግማሹን የተሰነጠቀ አድርጉ። የዘሩን ረጅም ስንጥቅ፣ ተምር የበላ ሁሉ የሚያውቀውን፣ አሳዩ።

አበባውን አሥር እጥፍ ሥላችሁ አጠገቡ "አሥር እጥፍ" ብሎ መጻፍ አይበቃም። ሥዕሉ በኅትመት ወይም በስልክ ሲያንስ ሲያድግ ቁጥሩ ሐሰት ይሆናል። በምትኩ ርዝመቷ የሚታወቅ መስመር አስምሩና "2 ሚሊሜትር" ብላችሁ ጻፉባት፤ ሥዕሉ ሲያንስ እሷም አብራ ታንሳለች።

ቀለም

የ18ኛውና የ19ኛው መቶ ዘመን ሠዓሊዎች ለቅጠል አረንጓዴ ብዙ ጊዜ የሚቀላቅሉት የፕሩሽያ ሰማያዊንና ጋምቦጅ የተባለውን፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፍ የሚወጣ ቢጫ ሙጫ ነበር። ጋምቦጅ ብርሃን አይችልም። ቢጫው ሲለቅ ሰማያዊው ይቀራል፤ በአንዳንድ የድሮ ሥዕሎች ላይ ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ሆኖ የሚታየው በዚህ ሳቢያ ነው። ያን እያዩ ሰማያዊ ዘንባባ የሚቀቡ አሉ፤ የሚቀዱት ዛፉን ሳይሆን የቀለሙን ሕመም ነው። ከዚህም ሌላ በእጅ የተቀቡት መጻሕፍት ከቅጂ ቅጂ ይለያያሉ። ለቅርጽ የድሮውን ሥዕል፣ ለቀለም ጠዋት የያዛችሁትን ብጣሽ እመኑ።

ዛሬ ጋምቦጅን በብርሃን የማይለቅ ቢጫ ተኩት፤ ቱቦው ላይ የብርሃን ጽናቱ ደረጃ ተጽፏል። የፕሩሽያ ሰማያዊ ኃይለኛ ነውና በስድስት እጅ ቢጫ አንድ እጅ ሰማያዊ ይዛችሁ ጀምሩና ወደምትፈልጉት አምጡት። አረንጓዴው ከጮኸ የተቃጠለ ሲዬና የተባለውን ቀላ ያለ ቡናማ በብሩሽ ጫፍ ንኩበት። ለግንዱ ግራጫ አልትራማሪን የተባለውን ሰማያዊና የተቃጠለ ሲዬና ቀላቅሉ፤ ጥቁር ቀለም አትጠቀሙ፣ ግንዱን ጥላሸት ያስመስለዋል።

ቀለም ከመንካታችሁ በፊት እርሳሱን በሊጥ መሳይ ላጲስ ተጭናችሁ እስኪደበዝዝ አንሡት። ቀለም የተለቀለቀበት እርሳስ ኋላ አይጠፋም፤ ቢጫውንም ያቆሽሻል። ብርሃኑ ከላይ ከግራ ይምጣ፤ ይህ የቆየ ልማድ ነው። የመጀመሪያው ልቅላቂ እንደ ቀጭን ሻይ የሳሳ ይሁን። በንዑስ ቅጠሉ ቦይ ዳር ዳር የሚያበራውን ቦታ ሳትቀቡ ወረቀቱን ተዉት፤ ነጭ ቀለም ኋላ ቢደረብ ያን ብርሃን አይሰጥም። እስኪደርቅ ሃያ ደቂቃ ጠብቁና ሁለተኛውን ጥላው ባለበት ወገን ብቻ ድገሙ። ሦስተኛው ውሃው በጨርቅ ከተመጠጠ ብሩሽ፣ ቁጥር 1፣ በቅጠሉ ርዝመት በሚሄዱ ጭረቶች ነው። ከአራት ንብር በላይ ከተደረበ አረንጓዴው ይሞታል። እርጥቡ ላይ ከተደረበ ደግሞ ጠርዙ እንደ አበባ ጎመን የተንዘረዘረ እድፍ ይተዋል፤ ያን ለማጥፋት አትፈትጉት፣ ሲደርቅ በእርጥብ ብሩሽ ጠርዙን ብቻ አለስልሱ።

ጽሑፉና ማስቀመጡ

ለየሥዕሉ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያላችሁ ፊደል ስጡ። ከታች ሳይንሳዊ ስሙን፣ ከዚያም የአካባቢው ሰው የሚጠራበትን ስም በትክክል እንደሚነገረው ጻፉ፤ ፋን ሬዴ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ያደረገውን እኛ የምንተውበት ምክንያት የለም። በተለይ ዘንባባ የሚለው ስም አገር ቤት ለብዙ ዓይነት ዛፍ ስለሚውል የቦታው ስም ያስፈልጋል። ዛፉ የተሣለበትን ቦታ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ ልኬቶቹን ሁሉ በወረቀቱ ጀርባ ሳይሆን በተለየ ቅጠል ጽፋችሁ አያይዙ፤ ጀርባ ላይ ተጭኖ የተጻፈ ፊት ላይ ይታተማል።

የሜዳ ንድፎቻችሁን በእርሳስ ሥሩ፤ ሲረጥብ አይሟሽሽም። ያኔውኑ ፎቶ አንሡና በሌላ ቦታ አስቀምጡ። በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ባለችው በአምቦን ደሴት ዕፅዋትን ያጠና የነበረው ጌኦርግ ኤበርሃርድ ሩምፊዩስ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ በ1687 በተነሣ እሳት ሥዕሎቹ ተቃጥለውበት እንደገና ማሠራት ግድ ሆኖበታል። ዋላስም በ1852 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ በውቅያኖስ መሀል ተቃጥላ የዓመታት ስብስቡ ጠፋ። የዘንባባ ንድፎቹ የተረፉት በትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ስለነበሩና ሣጥኑን ይዞ ወደ ጀልባው ስለወረደ ነው። የእናንተም ንድፍ በጥቅል ካርቶን ሳይሆን ክዳኑ በሚገጥም የብረት ሣጥን፣ በሉሆቹ መካከል አሲድ የሌለው ወረቀት ገብቶ፣ ተዘርግቶ ይቀመጥ። የደረቁት ሦስት የቅጠል ቁራጮች ግን ከሥዕሉ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አይግቡ፤ ነፍሳት ያመጣሉ።